ለንደን ላይ አምስት ቀን ካላችሁ እንዴት ትዞራላችሁ

ለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሰላሳ ቦታ ጽፎ ይሄድና ሰላሳውንም ለማዳረስ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ይውላል። እኔም መጀመሪያ ስሄድ ጠዋት ታወር ኦፍ ለንደን፣ ከዛ ከተማውን አቋርጬ ኬንሲንግተን፣ ከዛ ደሞ ተመልሼ ግሪኒች ብዬ አቅጄ የቀኑን ግማሽ መሬት ውስጥ ባቡር ላይ ቆሜ ጨረስኩት፣ ማታ ፎቶዎቼን ሳይ የቱ የት እንደሆነ ራሱ ተምታታብኝ። ሁለተኛ ጊዜ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ስሄድ ግን አንድ ደንብ ብቻ ይዘን ነው የሄድነው፣ በቀን አንድ ሰፈር፣ በቀን ቢበዛ አንድ ሚከፈልበት ቦታ፣ የቀረው በእግርና በባስ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን በዛ ደንብ አምስቱንም ቀን አብራን ወጥታ ገብታለች። ይሄን ምጽፍላችሁ በሁለተኛው ጉዞ በሄድንበት ቅደም ተከተል ነው። ሰዓቱንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው ማስቀምጠው፣ እዛ ምታገኙት ሁሉ በዛ ስለሆነ፣ 17፡00 ካልኩ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ምትጨርሱት ነገር ብዙ አይደለም። ማረፊያ ስትፈልጉ ከተማው በዞን እንደተከፋፈለ እወቁ፣ መሀሉ ዞን 1 ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ቁጥሩ ይጨምራል። ዞን 2 ውስጥ ሆኖ ከባቡር ጣቢያ አስር ደቂቃ በእግር የማይርቅ ክፍል ካገኛችሁ ያዙት፣ ዞን 5 ላይ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ በየቀኑ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ካለቀ ያተረፋችሁት ነገር የለም። ከተማውን ከላይ ሆናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ደሞ ገንዘብ አትክፈሉ። ሻርድ ሚባለው ረጅሙ ህንጻ ላይ ለመውጣት ይከፈላል፣ ሆራይዘን 22 ሚባለው ቦታ ግን 58ኛ ፎቅ ላይ፣ 254 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ነጻ ነው፣ ስካይ ጋርደንም 35ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ነጻ ነው፣ ሁለቱም ሚፈልጉት ቀድማችሁ ኦንላይን ቦታ እንድትይዙ ብቻ ነው። ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ቪዛው እንደወጣና ትኬቱ እንደተቆረጠ መጀመሪያ ምትገቡበት ድረገጽ የነሱ ይሁን። ቻርጀራችሁም የእንግሊዝ ሶኬት ስለሚፈልግ፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ማለት ነው፣ አዳፕተር ያዙ።

የብርሃኑ ነገር ደሞ ብዙ ሰው አያስበውም። በጁን ፀሐይ ምትጠልቀው ከ21፡00 በኋላ ነው፣ በዲሴምበር ግን 16፡00 ሳይሞላ ይጨልማል፣ ስለዚህ በክረምታቸው ከሄዳችሁ ውጪ ውጪውን ጠዋት ጨርሳችሁ ሙዚየሙን ከሰዓት አድርጉት።

ትራንስፖርቱ ላይ ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ገንዘብ ያለቦታው ሚወጣው እዚህ ነው። ውጪ ሀገር ሚሰራ ኮንታክትለስ ቪዛ ወይ ማስተርካርድ ካላችሁ ምንም ትኬት መግዛት አያስፈልግም፣ በሩ ላይ ያለው ቢጫ ክብ ማንበቢያ ላይ ካርዱን ነካ አድርጋችሁ ትገባላችሁ፣ ስትወጡም እንደዛው ነካ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ከሌላችሁ ጣቢያው ላይ ኦይስተር ካርድ ገዝታችሁ ትሞላላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል፣ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም። ዋናው ነገር ግን ጠዋት የጀመራችሁበትን ቀኑን ሙሉ አለመቀየር ነው፣ ምክንያቱም ሲስተሙ የቀኑን ወጪ ደምሮ አንድ ጣራ ላይ ሲደርስ መቁረጥ ያቆማል፣ ጠዋት በካርዱ ገብታችሁ ማታ ያንኑ ካርድ በስልክ ከከፈላችሁ ግን እንደ ሁለት ሰው ነው ሚቆጥራችሁ፣ ጣራውም ጋ አትደርሱም። ስትወጡ ካልነካችሁ ደሞ ከፍተኛውን ሂሳብ ይቆርጣል። የስራ ቀን ከ6፡30 እስከ 9፡30 እና ከ16፡00 እስከ 19፡00 ባቡሩ ይወደዳል፣ ይጨናነቃልም፣ ቁርስ ረጋ ብላችሁ በልታችሁ ብትወጡ በሁለቱም ታተርፋላችሁ።

ባሱ ግን እኔ በጣም ምወደው ነገር ነው። ጥሬ ብር አይቀበልም፣ ከ2014 ጀምሮ ቀርቷል፣ ስትገቡ ብቻ ካርዱን ትነካላችሁ፣ ስትወርዱ አያስፈልግም። እኛ በሄድንበት ጊዜ 1.75 ፓውንድ ነበር፣ አንዴ ከከፈላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ባስ ብትቀይሩ ድጋሚ አይቆርጥባችሁም። ፎቅ ላይ ውጡና ከፊት ለፊት ያለውን ወንበር ያዙ፣ መስታወቱ ከወንበሩ ጫፍ ነው ሚጀምረው፣ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ሲያሻሽ ይሰማችኋል፣ የህንጻዎቹን የላይኛውን ጌጥ በዓይናችሁ ትክክል ታዩታላችሁ። 15 ቁጥር ባስ ከትራፋልጋር አደባባይ አካባቢ ተነስቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ አልፎ ታወር ኦፍ ለንደን ጋ ያደርሳችኋል፣ ለቱሪስት ባስ ያን ሁሉ ብር ከመክፈል ይሄን ሞክሩት።

የምድር ውስጥ ባቡሩን ካርታ ደሞ ርቀት ለመገመት አትጠቀሙበት። ሀሪ ቤክ ሚባል ሰው ሰርቶት በ1933 ሲወጣ ሆን ተብሎ መስመሩ ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ነው የተሳለው፣ ጣቢያዎቹን ለማግኘት እንጂ ርቀት ለማሳየት አይደለም። ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን ያለው 260 ሜትር ገደማ ነው፣ ካርታው ላይ ግን አንድ ሙሉ ጣቢያ ነው፣ ሰው ደረጃ ወርዶ ባቡር ጠብቆ ይሄዳል። ኮቨንት ጋርደን ላይ ደሞ ሊፍቱን ትታችሁ በደረጃው ልውጣ ካላችሁ 193 ደረጃ ነው፣ ከእናት ወይ ከልጅ ጋር ከሆናችሁ እንዳትሞክሩት። ኤስካሌተር ላይ ቆማችሁ ከሆነ በቀኝ ቁሙ፣ ግራው ለሚቸኩል ሰው ነው። መንገድ ስትሻገሩ መኪናው በግራ ነው ሚነዳው፣ አስፋልቱ ላይ ወደየት ማየት እንዳለባችሁ ተጽፎላችኋልና ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት።

ስልካችሁን ግን አደራ። በሞተርና በኤሌክትሪክ ሳይክል እየመጡ ከእጅ ላይ መንጠቅ ለንደን ውስጥ የተለመደ ነው። እህቴ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማ ጉግል ማፕ ስታይ አንዱ በሳይክል ጠጋ ሲል አንዲት ሴትዮ ጮኻ ጎትታት ነው የተረፈው። ማፕ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ ወይ ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ እዩ፣ ከዛ ኪስ ውስጥ ከታችሁ ተራመዱ።

የመጀመሪያው ቀን ዌስትሚንስተር ይሁን። ከጣቢያው ስትወጡ ቀና ስትሉ ሰዓቱ እላያችሁ ላይ ነው። ቢግ ቤን ሚባለው በትክክል ውስጥ ያለው 13.7 ቶን ሚመዝነው ደወል ነው፣ 96 ሜትሩ ማማ ኤልዛቤት ታወር ነው ስሙ፣ ደወሉ ሲመታ ለመስማት ሙሉ ሰዓት ሲሆን እዛው ሁኑ። የቤተመንግስት ዘብ ቅይይር ማየት ከፈለጋችሁ ባኪንግሀም ቤተመንግስት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብና እሁድ 11፡00 ላይ ነው፣ ግን ፊት ለፊት ለመቆም 10፡00 ላይ መድረስ አለባችሁ፣ ያኔም ከሰው ትከሻ በላይ ነው ምታዩት። እኔ ምመክራችሁ ሆርስ ጋርድስ ሚባለውን የፈረሰኞቹን ቅይይር ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 11፡00፣ እሁድ 10፡00፣ ሰው ያንሳል፣ ፈረሶቹ በቅርብ ርቀት ነው ሚያልፉት። ከዛ ሴንት ጄምስ ፓርክ ገብታችሁ አረፍ በሉ፣ ሀይቁ ላይ ያሉት ትልልቅ ፔሊካኖች በ1664 ከሩሲያ አምባሳደር በስጦታ ከመጡት ጀምሮ እዛ ሲኖሩ የቆዩ ናቸው።

ከሰዓት የዌስትሚንስተርን ድልድይ ተሻገሩ። ድልድዩ ላይ በሦስት ኩባያና በአንዲት ኳስ ሚያጫውቱ ሰዎች ታገኛላችሁ፣ ከበው ቆመው ሚያሸንፉት ሰዎች የራሳቸው ጓደኞች ናቸው፣ ቆማችሁ እንኳን አትዩ፣ እናንተ ኩባያው ላይ ስታፈጡ ኪሳችሁን ሚያይ ሌላ ሰው አለ። ተሻግራችሁ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ወንዙን ይዛችሁ መሄድ ነው፣ ለንደን አይን ሚባለውን 135 ሜትር ትልቅ ጎማ ታልፋላችሁ፣ ዋተርሉ ድልድይ ስር አሮጌ መጽሐፍ ሚሸጡ ጠረጴዛዎች አሉ፣ ከዛ ቴት ሞደርን፣ ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረ አሁን የጥበብ ሙዚየም ነው፣ ነጻ ነው፣ ንጹህ ሽንት ቤትና መቀመጫ አለው። ከፊቱ ያለው የእግረኛ ድልድይ ሚሌኒየም ብሪጅ ነው። በ2000 ሲከፈት ሰው ሲራመድበት ወደ ጎን እየተወዛወዘ፣ ሰውም ከውዝዋዜው ጋር እርምጃውን ሲያስተካክል ጭራሽ እየባሰበት በሁለት ቀኑ ተዘጋ፣ ማርገቢያ ተገጥሞለት በ2002 ነው የተከፈተው። መሀሉ ላይ ስትደርሱ የቅዱስ ጳውሎስ ጉልላት ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ከሁሉም በላይ ምትጠቅማችሁ ነገር ያለችው። ካቴድራሉን እንደ ቱሪስት ለመግባት ከ20 ፓውንድ በላይ ይከፈላል። ማታ ማታ ግን ኢቭንሶንግ ሚባል የመዘምራን ጸሎት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 17፡00 ላይ፣ ሰዓቱ በየቀኑ ሊለያይ ስለሚችል ድረገጻቸው ላይ አረጋግጡ፣ መግቢያው በነጻ ነው። በሩ ላይ ለጸሎቱ ነው የመጣነው ትላላችሁ፣ ያስገቧችኋል፣ ሀምሳ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ፎቶ የለም፣ መሀል ላይ መውጣትም ደስ አይልም፣ ስለዚህ ስልኩን አጥፍታችሁ ቁጭ በሉ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ድምጹ 111 ሜትር ከፍታ ያለው ጉልላት ውስጥ ገብቶ እስኪመለስ ድረስ ይሰማችኋል፣ ቀጣዩ ቃል ሲመጣ ያለፈው ገና ላያችሁ ላይ ነው። ህንጻው ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ በክሪስቶፈር ሬን የተሰራ ነው፣ በ1710 ነው ያለቀው፣ እኔ ግን ይሄን ሁሉ አንብቤ ካወኩት ይልቅ እዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነው ልቤ ውስጥ ያለው። ዌስትሚንስተር አቢም እንደዚሁ ነው፣ ከ1066 ጀምሮ ነገስታቱ ዘውድ ሚጭኑበት ቤተክርስቲያን ለጸሎት ነጻ ነው።

ሁለተኛው ቀን ታወር ኦፍ ለንደን። ይሄ የቀኑ አንዱ ሚከፈልበት ቦታ ነው፣ ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፣ ግን ዋጋው ይገባዋል። እንደተከፈተ ግቡና ሌላ ምንም ሳታዩ ቀጥታ ወደ ዘውዶቹ ሂዱ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። በትረ መንግስቱ ላይ ያለው አልማዝ 530 ካራት ነው፣ ምታልፉት በተንቀሳቃሽ ወለል ላይ ሆናችሁ ስለሆነ ድጋሚ ማየት ከፈለጋችሁ ዞራችሁ ተመለሱ፣ ጠዋት ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ የለበሱት ጠባቂዎች ሚያስጎበኙት በትኬቱ ውስጥ የተካተተ ነው፣ ተከተሏቸው፣ ንግግራቸው ያምራል። ስትወጡ ታወር ብሪጅ አጠገባችሁ ነው፣ 1894 ላይ የተከፈተ ነው፣ በዓመት 800 ጊዜ ገደማ መርከብ ለማሳለፍ ይከፈታል፣ ሰዓቱ አስቀድሞ ድረገጹ ላይ ስለሚለጠፍ ቀናችሁን በሱ አስተካክሉት፣ አስፋልቱ ከነመስመሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ ሲነሳ ማየት ሌላ ነገር ነው። ምሳ በእግር ሄዳችሁ ቦሮ ማርኬት ብሉ፣ ሰኞ ዝግ ነው።

ሦስተኛው ቀን ብሪቲሽ ሙዚየም። ነጻ ነው፣ አርብ እስከ 20፡30 ክፍት ስለሆነ ቀኑን አርብ ላይ ብታውሉት ማታ ሰው ሲቀንስ ታዩታላችሁ። ሁሉንም ልይ አትበሉ፣ ሦስት ክፍል መርጣችሁ ግቡ። የሮዜታ ድንጋይ፣ ሦስት ዓይነት ጽሁፍ የተቀረጸበት የጥንት ግብፅ ድንጋይ ነው፣ እሱ ጋ ሰው ተደራርቦ ነው ሚቆመው፣ ስልክ ብቻ ነው ምታዩት፣ ክፍል 1 ሚባለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ያለበት አዳራሽ ግን የድንጋዩ ቅጂ አለ፣ በጣታችሁ መንካት ይቻላል፣ ሦስቱ ጽሁፎች የት ተጀምረው የት እንደሚያልቁ በእጃችሁ ተከትላችሁ ከዛ ወደ ዋናው ብትሄዱ ምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ። ጉልበት ከተረፋችሁ ናሽናል ጋለሪ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፣ እሱም ነጻ ነው፣ አርብ እስከ 21፡00፣ የቫን ጎግ የሱፍ አበባዎች እዛ ናቸው።

አራተኛው ቀን ሳውዝ ኬንሲንግተን። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ናቹራል ሂስትሪ ሙዚየም መጀመሪያ ግቡ፣ ዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ 25 ሜትር ርዝመት ያለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም ተንጠልጥሏል። መንገዱን ተሻግራችሁ ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ነው፣ ነጻ ነው፣ እኛ ግን የሄድነው ለአንድ ነገር ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ ከወሰደው ውስጥ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ እዚህ ነው ያሉት። ዘውዱን እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር አሰርተው ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጡት ይታመናል። ሙዚየሙ በጣም ሰፊ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ገብታችሁ አታገኙትም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ድረገጹ ላይ መቅደላ ብላችሁ ፈልጉና ለእይታ የወጣው ምን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንዳለ ጽፋችሁ ያዙ፣ ካልሆነም በሩ ላይ ያሉትን ሰራተኞች ጠይቁ። እናቴ መስታወቱ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች፣ ከዛ ብዙ ሳትናገር ቆመች፣ እኛም አብረናት ቆምን። ለዛ ክፍል ጊዜ ተዉለት፣ ከኋላው ሌላ ፕሮግራም አትደርቡበት። ብሪቲሽ ላይብረሪም ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍት አሉት።

ዝናብ ሲመጣ አትደናገጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሳያባራ ሚዘንብበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ኮፍያ ያለው ቀላል ጃኬት ከጃንጥላ ይሻላል። የቧንቧ ውሃው ይጠጣል፣ ጠርሙስ ያዙና ሙዚየም በገባችሁ ቁጥር ሙሉት። ሽንት ቤት ሙዚየሞቹና ትላልቆቹ የባቡር ጣቢያዎች በነጻ ነው።

አምስተኛው ቀን ለግሪኒች ነው፣ እኔ ከሁሉም ይሄን ቀን ነው ምወደው። ስትሄዱ በጀልባ ሂዱ፣ ከዌስትሚንስተር ወይ ከታወር ትሳፈራላችሁ፣ በካርዳችሁ ነው ምትከፍሉት፣ ታወር ብሪጅን ከስሩ ታልፉበታላችሁ። ግሪኒች ስትደርሱ 1869 የተሰራችው ካቲ ሳርክ የሻይ መርከብ ትቀበላችኋለች፣ ከዛ ፓርኩን ሽቅብ ወደ ኦብዘርቫቶሪው፣ ድሮ ከዋክብት ሚመለከቱበት ህንጻ፣ ትወጣላችሁ። ዳገት አለው፣ እናቴ ሁለቴ ተቀምጣ ነው የወጣችው፣ ግን 12፡50 ላይ ጫፉ ላይ ድረሱ። ህንጻው ጣሪያ ላይ ቀይ ትልቅ ኳስ አለ፣ 12፡55 ላይ ግማሽ ድረስ ይወጣል፣ 12፡58 ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ልክ 13፡00 ላይ ይወርዳል። ከ1833 ጀምሮ ወንዙ ላይ ያሉ መርከበኞች ሰዓታቸውን ሚያስተካክሉበት ነበር። ይሄን ለማየት ትኬት አያስፈልግም፣ ሳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው ምታዩት። ምስራቅና ምዕራብን ሚከፍለው መስመር ግቢው ውስጥ በክፍያ ነው፣ እዛው ከግቢው ውጪ በጎን ባለችው መንገድ ላይ ግን መስመሩ ግድግዳው ላይ ምልክት ተደርጎበታል፣ እኛ እዛ ነው ፎቶ የተነሳነው።

ስትመለሱ በጀልባ አትመለሱ። ካቲ ሳርክ አጠገብ ክብ የጡብ ቤት ታያላችሁ፣ ወንዙ ስር ወዳለው የእግረኛ ዋሻ መግቢያ ነው። 1902 የተከፈተ ነው፣ 370 ሜትር ይረዝማል፣ ሊፍት አለው ግን አንዳንዴ ስለሚበላሽ ሽማግሌ ከያዛችሁ መጀመሪያ መስራቱን አረጋግጡ፣ በደረጃ ከሆነ ወደ 100 ደረጃ ነው። ውስጡ በነጭ ሸክላ የተለበጠ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ የራሳችሁ ኮቴ ከኋላ ይከተላችኋል፣ ቴምስ እላያችሁ ላይ እየፈሰሰ ነው። ማዶ ስትወጡ አይላንድ ጋርደንስ ሚባል ትንሽ ፓርክ ነው፣ ዞር በሉና የመጣችሁበትን ሙሉውን ግሪኒች ከወንዙ ማዶ እዩት፣ ካናሌቶ ሚባለው የድሮ ጣሊያናዊ ሰዓሊ ከዚህ በኩል ሆኖ የሚታየውን ነው የሳለው።

ከዛ ጣቢያው አምስት ደቂቃ በእግር ነው፣ ዲኤልአር ሚባለው ባቡር ነው ሚመጣው፣ ከፊት ሹፌር የለውም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ፉርጎ የመጀመሪያውን ወንበር ያዙ፣ ሀዲዱ በህንጻዎቹ መሀል ሲመጣባችሁ ፊት ለፊት ታያላችሁ። እናቴን እዛ አስቀምጠናት እስከ ባንክ ጣቢያ ድረስ መስታወቱን ተደግፋ ሄደች። ብዙዎቹ የዲኤልአር ጣቢያዎች በር የላቸውም፣ ዝም ብሎ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ሰው ካርዱን መንካት ይረሳና ከፍተኛው ሂሳብ ይቆረጥበታል፣ መድረኩ መግቢያ ላይ ያለችውን ቢጫ ማንበቢያ ፈልጋችሁ ነካ አድርጉ፣ ስትወርዱም እንደዛው።